ባለቤቴ ምን ብሎ ይጠራኛል?

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሰሚር ስኔልቪል ካለው ቤታችን ወደ ሆስፒታል ሲወስደኝ መኪናው ውስጥ ስልክ ጮኸ። የዛሬ መኪና ምስጢር አያውቅም፤ የደወለውን ሰው ስም መሪው አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ በትልልቁ ይለጥፈዋል። «ዋይፊ» ይላል፤ ከጎኑ ሁለት ቀያይ ልቦች አሉበት። የደወለችው ምራቴ ሀያት ናት።

«ሄይ ቤቢ፣ ማሚን እያደረስኳት ነው። ትራፊኩ ክሬዚ ነው፤ በኋላ ኮል አደርግሻለሁ» አላትና ዘጋው።

እኔ የአጃ አጥሚት የያዘ ፔርሙስ ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀምጫለሁ። «ዋይፊ ምንድን ነው?» አልኩት፤ እያወቅሁ።

«ሚስቴ ማለት ነዋ። ግን፣ ላይክ፣ በፍቅር ሲሆን።»

«አንተስ እሷ ስልክ ላይ ምንድን ነህ?»

«ሀቢ፤ ባሌ እንደማለት።»

ደግ፣ አልኩ በልቤ። እሱ ግን ነገሩ ጣመውና «ዳዲ አንቺን ምን ብሎ ነው ሴቭ ያደረገሽ?» አለኝ። አባቱ የልብ ቀዶ ጥገና ካደረገ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ስልኩ ከልብሱና ከጫማው ጋር ሆስፒታሉ በሰጠን የላስቲክ ከረጢት ውስጥ እግሬ ሥር ተቀምጧል። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም በራሴ ስልክ ደወልኩለት። ከረጢቱ ውስጥ ጮኸ። አውጥቼ አየሁት። ቁጥሬ ብቻ። ስም የለ፣ ልብ የለ፣ ምንም የለ።

«ኖ ዌይ! ማሚ፣ ኮንታክቱ ውስጥ እንኳን የለሽም!» ብሎ ሳቀ ሰሚር፤ መሪውን እየደበደበ።

እኔ አልሳቅሁም። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም፤ የተቀመጥኩበት ወንበር ይቆረቁረኛል፣ ቀበቶው አንገቴን ያንቀኛል። መስኮቱን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ውጭው ቢጫ ነው። አትላንታ የኖረ ያውቀዋል፤ ስፕሪንግ ሲገባና ዛፎቹ ሲያብቡ ቢጫ ብናኝ እንደ ሽሮ ዱቄት ከላይ ይወርዳል። መኪናው፣ በረንዳው፣ የውሻው ጀርባ ሳይቀር ቢጫ ይለብሳል። ከተማው በሙሉ ያስነጥሰዋል፣ ያስለዋል፣ ዓይኑን ያሻል። ያኔም እንዲህ ነበር። ያ ብናኝና ያ «ምን ብሎ ይጠራሻል» የሚሉት ጥያቄ አንድ ላይ ሆነው ወደዚያው ሰሞን ወሰዱኝ።

ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከደሴ የመጣሁት የአባቴን ወንድም ጋሼ እንድሪስን ልጠይቅ ነው፤ ለሦስት ወር ተብሎ። ጋሼ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ውስጥ፣ ከብራያርክሊፍ መንገድ ገባ ብሎ ያለ አፓርታማ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ታክሲ ነው የሚነዱት። እሱም ታክሲ ነጂ ነው፤ ጁምዓ ጁምዓ ከጋሼ ጋር ይሰግዳል። እሱ ስል ባለቤቴን ማለቴ ነው። ስሙን እስክጠራ አትጠብቁ፤ በዚህ በኩል እኔም ከሱ አልሻልም።

መጀመሪያ ያየሁት ለጋሼ ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ደረጃው ላይ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቱን የሚደፋ፣ ከእኔ ዘጠኝ ዓመት የሚበልጥ ሰው። ሰላም ሲለኝ ጫማዬን እያየ ነበር። ጫማዬን ወዶት እንደሆነ እንጃ፤ በወሩ ሽማግሌ ላከ። ጋሼ እንድሪስ «የወሎ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡን አውቃቸዋለሁ፣ ምላስ የለውም እንጂ ልብ አለው» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ምላስ የሌለው ማለታቸውን ያኔ በደንብ ብሰማው ኖሮ!

ኒካሁ የታሰረው በጋሼ ሳሎን ነው። እንደኛ አገር ደንብ ወንዶቹ ሳሎን ናቸው፣ እኛ ሴቶቹ መኝታ ቤት። ሙሽራውና የሙሽራዋ ወኪል እጅ ለእጅ ተያይዘው ቃል ይገባባሉ፤ ሙሽራዋ ፈቃዷን አስቀድማ ስለሰጠች እዚያ መታየት የለባትም። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ከወዲያ ዱዓው ሲደረግ «አሚን» አልኩ፤ በቃ፣ አገባሁ። አንዱ እንግዳ ካሜራ ይዞ ስለነበር ፎቶ አነሳ። ፎቶው ላይ ባሌ የያዘው የጋሼ እንድሪስን እጅ ነው። ሁለቱም ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። የመንግሥቱንም ወረቀት በሳምንቱ ሄደን ፈረምን፤ ግን ያን ዕለት ፎቶ የሚባል ነገር ለማናችንም ትዝ አላለንም።

እዚያው ብራያርክሊፍ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መኝታ ቤት ያላት አፓርታማ ተከራይተን ገባን። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ከሥራ ሲመጣ እጁ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ በበጋ ኮክ፣ በመጸው የተቀቀለ ለውዝ በወረቀት ከረጢት። ግን አይጠራኝም። ዘሃራ የሚባል ስም እያለኝ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። በእርግጥ እኛ ዘንድ ባል የሚስቱን ስም ሰው ፊት እየጮኸ አይጠራም። አባቴም እናቴን እንዲያ ነበር፤ ግቢው በር ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እናቴ ሻሿን አስተካክላ ትወጣለች። እሱም ያንኑ ይዞ አሜሪካ ገባ። ደረጃው እኩሌታ ላይ ሲደርስ «እህም፣ እህም… እእእህም» ይላል፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። በሩን እከፍታለሁ። ገበታ ላይ ቀስ ብሎ አንድ ጊዜ «እህም» ካለ ጨው አንሷል። ገበያ ስንሄድ አሥር እርምጃ ቀድሞኝ ይሄድና መሻገሪያው ላይ ቆሞ ይስላል፤ እስክደርስበት።

እንግዲህ ልጅ ነኝ። አዲስ አገር፣ አዲስ ሙሽራ። ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤታችን ሚስ ሎሬታ ስልሳ አልፏቸዋል፤ ባላቸው በረንዳ ላይ ቆመው ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ «ቤቢ!» ይሏቸዋል። እሳቸውም ያን ጊዜ የጉልበታቸውን ሕመም ረስተው እንደ ኮረዳ ፈጠን ፈጠን እያሉ ይወጣሉ። መስኮት ላይ ሆኜ እያየሁ ቀናሁ። ወላሂ ቀናሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኔ ምኑ ነኝ? በሳል የምትነዳ ፍየል ነኝ እንዴ? እል ነበር ለራሴ፤ ከመስኮቱ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ መስኮቱ ስመላለስ።

የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴ ኢሚግሬሽን ገባና ለኢንተርቪው ተጠራን። የምትጠይቀን መነጽር ያደረገች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። የሰርግ ፎቶ አምጡ አለችን። ሰጠናት። ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች፤ ፎቶውን ደግማ አየችው።

«ሙሽራዋ የት አለች?»

«ሌላ ክፍል» አልኩ።

«ይሄ እጁን የያዘው ሰውስ?»

«አጎቴ ናቸው።»

«ሁለታችሁ አብራችሁ የተነሳችሁት የለም?»

አንድ ነበረን፤ ስቶን ማውንቴን ሄደን የተነሳነው። እሱ ከተራራው በግራ፣ እኔ ከተራራው በቀኝ ቆመናል፤ በመካከላችን አይስክሬም የያዘ የማናውቀው ቤተሰብ ያልፋል። ሴትዮዋ ረጅም ነገር ጻፈች። መጻፏ ከጥያቄዋ ይልቅ አስፈራኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ለሁለተኛ ጊዜ እንድንቀርብ፣ ደግሞም ለየብቻ እንድንጠየቅ። ጋሼ እንድሪስ አነበቡትና ፊታቸው ጠቆረ። «ለወረቀት ብላችሁ የተጋባችሁ መስሏቸዋል» አሉን። «አንዳችሁን አስወጥተው ሌላችሁን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ መልሱን ያስተያያሉ። ካልገጠመ ትመለሻለሽ። ሰዎች ሲያወሩ እንደሰማሁት ቤት ውስጥ ምን ብላችሁ እንደምትጠራሩም ይጠይቃሉ።»

እሱና እኔ ተያየን፤ ወዲያው ደግሞ ምንጣፉን አየን። ያን ጊዜ ሰሚር በሆዴ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ለጋሼ እንኳን አልነገርናቸውም፤ ገና ሳይገፋ አይወራም፣ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ቢሮ ተገብቶ ለባዳ አይነገርም። ብመለስ ልጄ አባቱን በፎቶ ሊያውቀው ነው፤ ያውም ከጋሼ እንድሪስ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ። መቀመጥ አቃተኝ። ልብስ ያጠብኩትን መልሼ አጥባለሁ፣ የጠረግሁትን እጠርጋለሁ።

ሚስ ሎሬታ ዘንድ የሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አገኘኋቸውና በዚያች በደሴ እንግሊዝኛዬ «እዚህ አገር ባል ሚስቱን ምን ይላታል?» አልኳቸው። ሴትዮዋ ሊነግሩኝ የሚችሉት ነገር ስለተገኘ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። እዚያው ማሽኑ ላይ ተደግፈው ይዘረዝሩት ጀመር። ሀኒ፣ ማር ማለት ነው። ሹገር፣ ስኳር። ስዊቲ፣ ፓምኪን። ፓምኪን ዱባ አይደለም እንዴ? ስል «ዱባ ነው፤ ግን ጣፋጭ ነው» አሉኝ። ለሌላ ሰው ስለሷ ሲያወራ ደግሞ ዋይፊ ይላል፣ ሚሲስ ይላል፣ ዘ ቦስ ይላል። ቤተር ሃፍ የሚለውም አለ፤ ከእኔ የምትሻለው ግማሼ እንደማለት። ይህቺኛዋን ወደድኳት፤ ግን እሱ ያን ያህል ከመናገር ታክሲውን ቢሰጥ ይቀለዋል። ቀጠሉና «ማይ ኦልድ ሌዲ» አሉኝ።

«አሮጊቷ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ግን በፍቅር ነው።»

«እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው!»

ሳቃቸው ክፍሉን ሞላው። መጨረሻ ላይ የወንዶች ቀልድ ነው ብለው «ቦል ኤንድ ቼይን» የሚባል ነገሩኝ። ምን እንደሆነ ሲያስረዱኝ እስረኛ እግር ላይ ከነሰንሰለቱ የሚታሰር የብረት ኳስ ነው። ያ ረቢ! ሚስት! ይህችንማ እዚያ ቢሮ ቢናገራት ሁለታችንንም ያባርሩናል ብዬ ደነገጥኩ። በመጨረሻ «ሀኒ በቂ ነው፤ አጭር ነው፣ ማንም ይለዋል» ብለው በቤታቸው በኩል አሳልፈው ጎመን በሳህን ሰጥተው ሸኙኝ። ጎመኑ በአሳማ ሥጋ የተሠራ መሆኑን ስላወቅሁ አልበላሁትም፤ ሳህኑን ግን የምስር ሳምቡሳ ሞልቼ መለስኩላቸው።

ሥልጠናው ያን ዕለት ተጀመረ። ምሳ በልቶ ሲያበቃ «በል» አልኩት። «ሀኒ በል።»

ተነሳ። ውሃ ሊጠጣ የሄደ መስሎ ፍሪጁን ከፈተ፤ ፊቱን ፍሪጁ ውስጥ ከቶ «ሀኒ» አለ።

«ማንን ነው? ወተቱን?»

«ተይኝ እስቲ ሴትዮ።»

«ወደኔ ዞረህ በል!»

ዞረ። ጆሮው ቀላ። አፉ ተከፈተና ተዘጋ። ሰውዬው በዚያ አውራ ጎዳና ላይ ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፋ የሚነዳ፣ የሰከረ ሰው ሳይቀር ጭኖ በሰላም የሚያደርስ ደፋር ነው፤ በሁለት ፊደል ላብ አጠመቀው። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆንን። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ተዘግቶ ለብቻው ሲለማመድ ሰማሁት፤ «ሀኒ፣ ሀኒ፣ ሀኒ»፤ ልክ ለፈተና እንደሚሸመድድ ተማሪ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴ ተቃጠለ። አንዲት ቃል ለእኔ መስጠት ይህን ያህል ይከብዳል?

የቀጠሮው ቀን ጠዋት መኪናችን ቢጫ ብናኝ ለብሳ አገኘናት። እሱ መስታወቱን በጨርቅ ጠረገ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ አፍንጫው ይፈስሳል። መንገድ ላይ «ሴትዮዋ ምን ብሎ ይጠራሻል ብትለኝ ሀኒ ነው የምለው፤ አንተም ሀኒ በል፣ እንዳትረሳ» አልኩት።

«ሰው ማር ይባላል?» አለኝ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «አፌ ላይ ውሸት ይሆንብኛል።»

በቃ፣ የታፈነው ሁሉ ወጣ። «እኔ ልባረር ነው፣ አንተ በአንዲት ቃል ታፍራለህ!» አልኩት። «የሰው ሚስት ማር ትባላለች፣ ስኳር ትባላለች፣ ዱባ እንኳን ትባላለች! እኔ ምንድን ነኝ? ንገረኛ! እኔ ላንተ ምንህ ነኝ?»

መለሰልኝ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ጉንጩ ላይ ያለው አጥንት ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከመኪና ስንወርድ እንደ ልማዱ አሥር እርምጃ ቀድሞኝ ሄደ። ከኋላው እያየሁት ምናልባት የቢሮው ሰዎች ትክክል ይሆኑ እንዴ? አልኩ። ምናልባት እኔ የዚህ ሰው ሚስት አይደለሁም ይሆናል። ይህን ማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መጀመሪያ የተጠራው እሱ ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ በብናኙ ምክንያት ያስለዋል፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሀኒ ብሎ ይሆን? ወይስ አፍሮ ዝም? ግማሽ ሰዓት ይሁን አንድ ሰዓት አላውቅም። በሩ ተከፈተ። አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ጎኔ ሲያልፍ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ሞቻለሁ አልኩ።

ገባሁ። ያቺው ባለመነጽር ሴት ናት። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። ማን በየትኛው በኩል ነው የሚተኛው? ብላ ጀመረች፤ እፍረቱ አንገቴን አቃጠለኝ። የጥርስ ብሩሹ ቀለም፣ ትናንት ማታ የበላነው፣ ጠዋት ማን ቀድሞ እንደተነሳ። መለስኩ። ከዚያ ወረቀቷን ገለጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ባለቤትሽ ቤት ውስጥ ምን ብሎ ነው የሚጠራሽ?»

ሀኒ ምላሴ ጫፍ ላይ ናት። ሀኒ ብዬ ብወጣ ያበቃል። ግን እሱ ምን አለ? «አፌ ላይ ውሸት ይሆንብኛል» ያለው ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምን አለ? ሴትዮዋ ትጠብቃለች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል። ከኮሪደሩ የሰዉ ሳል ይመጣል፤ የወፍራም ሰው ሳል፣ የልጅ ሳል፣ የአሮጊት ሳል። በዚያ ሁሉ መሀል፦

«እህም፣ እህም… እእእህም።»

ሳላስበው ተነሳሁ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ።

«ወዴት ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«እየጠራኝ ነው» አልኳት።

«ማን?»

«ባለቤቴ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «እኔ የሰማሁት ሳል ነው። በዚህ ሳምንት ሁሉም ሰው ያስለዋል።»

«አይ፣ ይሄ የሱ ነው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ጉንፋን ሲይዘው እንዲህ አይደለም፤ ይሄ ለእኔ ነው።» ከተናገርኩ በኋላ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ሀኒ ቀረች። ሳምንት ሙሉ የለፋንባት ሀኒ ከነፍሪጁ ቀረች። ወንበሩን ያዝኩ። «ስሜን አይጠራም» አልኳት፤ እንባዬ መጣ። «ሌላም ምንም አይለኝም። ይስላል፤ እመጣለሁ። እሱ ነው ያለኝ።»

ሴትዮዋ ወረቀቶቹን ወደ ኋላ ገለበጠች፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። መነጽሯን አወለቀች፤ እሷም ዓይኗ በብናኙ ቀልቶ ነበር፣ ወይ እንጃ። «ባልሽን ይህንኑ ጠይቄው ነበር» አለችኝ። «በጣም ረጅም ጊዜ ወለሉን አየና ‹ስም አልጠራም፤ እስላለሁ፣ ትመጣለች› አለኝ። የሚቀልድብኝ መስሎኝ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጌበት ነበር።» ከዚያ ብዕሯን አነሳችና ያቺን የጥያቄ ምልክት ሰረዘቻት። ስትሰርዝ አይቻለሁ። «ሂጂ» አለችኝ፤ «ጠርቶሻል።»

መኪና ውስጥ ገብተን በሩ ከተዘጋ በኋላ «ለምን ሳልክ?» አልኩት።

ቁልፉን አስገባ። ሞተሩን አላስነሳም። «ቆየሽብኝ» አለ።

ይኸው ነው። ወረቀቱ በወሩ በፖስታ መጣ፤ ሰሚርም በጊዜው ተወለደ። ሚስ ሎሬታ ሀኒ ሠራች ወይ? ሲሉኝ ሠርታለች አልኳቸው፤ ልባቸውን ላለመስበር። ቅናቴ ያን ዕለት በአንድ ጊዜ በረደ አልልም፤ ሰው ነኝ፣ ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ ተኳርፈናል። ግን «ምንህ ነኝ» ብዬ ዳግመኛ አልጠየቅሁትም።

«ማሚ፣ ደርሰናል» አለኝ ሰሚር።

ላይ ስወጣ ሲስተር ማርታን በሩ ላይ አገኘኋት። ከሎረንስቪል የምትመጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ የሆነች የኛው አገር ነርስ ናት፤ ከሰጡን ነርሶች ሁሉ እሷን ወድጃታለሁ። ፊቷ ልክ አልነበረም። «እትዬ ዘሃራ፣ ያግዙኝ እስቲ» አለችኝ። «አባባ አልስልም አሉ። ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው በየሰዓቱ ካልሳለ ሳንባው ፈሳሽ ይይዛል፣ ሌላ በሽታ ይመጣበታል። ትራሱን ደረትዎ ላይ አቅፈው ይሳሉ እላቸዋለሁ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያማቸዋል፣ አውቃለሁ። ግን ዶክተሩ ተቆጥቷል፤ ዛሬ ካልሳሉ ነገሩ አያምርም።»

ገባሁ። ትራሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ያ ረጅም አንገቱ ይበልጥ ረዝሟል። ሲስተር ማርታ «አባባ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ! እህም ይበሉ!» አለችው። ደረቱን ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ተወው። ከዚያ እኔን አየኝ።

አጥሚት ላፈላ ቤት ደረስ ካልኩት በቀር ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ አልጋ አጠገብ ንቅንቅ አላልኩም። እግሬ እንዲያ እየተቅበጠበጠ፣ እየታገስኩ፣ እጁን ይዤ። የታማሚ ሚስት እንዲህ ናት ብዬ። ለካ እዚያው አፍንጫው ሥር ተቀምጬ ማንን ይጥራ? ሰውዬው በዚህ ዓለም ላይ በፈቃዱ የሳለው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው።

ፔርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ልጄ፣ አንዴ ልውጣ» አልኳት ሲስተር ማርታን።

«ኧረ አይሂዱ! እርስዎ ካሉ ይሻላል ብዬ እኮ ነው!»

አልሰማኋትም። ኮሪደሩ ላይ ወጣሁና በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። የሚያልፈው ያልፋል፤ አልጋ ይገፋል፣ ስልክ ይጮኻል። ሰሚር «ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ?» እያለ መጣ፤ ዝም በል አልኩት በእጄ። ቆየ። ያስፈራ ጀመር። ያ አላህ፣ አንዴ። መስኮቱ ላይ ቢጫው ብናኝ ተለጥፏል። እግሬ ወዲያና ወዲህ አለ። ቆየሁበት ይሆን?

«እህም።» ቀጭን፣ እንደ ወረቀት ቅዳጅ። ዝም። «እህም…» ደረቱ ሲያመው እኔ ደረቴን ያዝኩ። ሦስተኛው ረጅሙ ነው፤ እሱ ነው የሚከብደው። «እእእህም።»

በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። «ምነው፣ ጠራኸኝ?» አልኩት። ላቡን በትራሱ ጠርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ጆሮው ቀልቷል። ሲስተር ማርታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም መሰለኝ። «እሰይ አባባ! በሰዓቱ ደግሞ እንደግመዋለን!» ስትለው እኔ ወንበር አልፈለግሁም፤ በሩ ጋ ሄጄ ከውጭ በኩል ቆሜያለሁ።